የፍየሎቹ ውሻ

ስሙን ፋሩሽኮ አልኩት፣ ጥላሸት እንደ ማለት፤
ከአፍንጫው ጫፍ በቀር ወተት ነበር የመጣ ለት።
ግራሲንዳ ነች ያመጣችው፣ ከተኩላ ጉዳይ ቢሮ፣
በፖም ካርቶን ከትታ፣ ክዳኑ በሲባጎ ታስሮ።
«ዶና ዙልሚራ» አለችኝ፣ ወረቀት እያስፈረመች፣
«ይህ ያንቺ ውሻ አይደለም፤» ደግማም አስጠነቀቀች።
«ቤት አታስገቢው። አታሻሺው። አልጋሽ ሥር አይተኛ።
አንቺ ለእሱ ጎረቤት ነሽ፤ ፍየሎቹ ናቸው ጓደኛ።»
ፈረምኩ። ብዕሩ ቀዝቅዞ ነበር።

የመጀመሪያው ሌሊት፣ በረዶ ጣሪያውን ሲጫን፣
ከጋጣ ሲያለቅስ አነጋው፤ እኔም አነጋሁ ዓይኔን ሳልከድን።
ባሌ አንሴልሙ ከሞተ ገና ዘጠኝ ሳምንቱ፣
ቤቱም እንደ ጋጣው ነው፤ አንድ ትንፋሽ ነው ሀብቱ።
ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፣ ሁለት ጊዜ በሩን ነካሁ፤
ሁለቴም ፊርማዬ ትዝ ብሎኝ ወደ ብርድ ልብሴ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን ዝም አለ። ቪዩቫ፣ የፍየሎቹ አሮጊት፣
አንድ ቀንዷ የተሰበረ፣ ተዋጊ፣ ቁጡ እመቤት፣
ማንንም የማታስጠጋ፣ እኔንም የረገጠች፣
ሆዷን ሰጥታው ተኝታለች፣ ዓይኗን ጨፍና እያመነዠከች።

አደገ። ጥጃ አከለ። አርባ ሁለት ቃጭል ይዞ
ከድንጋይ አጥሩ እስከ ካስታኛው ጫካ ይዞራል፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ተክዞ።
የጠራሁት እንደሆነ ቀና ይልና ያየኛል፤
«ሰማሁሽ» ብሎኝ በዓይኑ፣ ሥራውን ይቀጥላል።

«ውሻ በበላበት ይጮሃል» ይባላል፤ የእኔው ጉድ ግን
ለጨረቃ፣ ለቅጠል፣ ለአውሮፕላን፤ ሌሊት አይል፣ አይል ቀን።
ከቁልቁለቱ ፊርሚኑ፣ ባቡር ነድቶ ጡረታ የወጣ፣
መስኮቱን ከፍቶ ይጮሃል፦ «አንድ ቀን መርዝ ይዤ እንዳልመጣ!»
«የእኔ አይደለም» እለዋለሁ። «የማን ነው?» «የፍየሎቹ።»
ጓ ብለው ይዘጋሉ፣ ሁለቱም መስኮቶቹ።

በመጋቢት፣ በጭጋግ፣ የቪዩቫ ልጅ ሴሬጃ ከመንጋው ቀረች፤
ቆጠርኩ፦ አርባ አንድ። ደገምኩ። አርባ አንድ። ጀንበር ጠለቀች።
ውሻውም የለም።
ከማዶ፣ ከእሾሁ መሀል፣ አንድ ጊዜ ጮኸ፤
ከዚያ ዝም።
አራት ዓመት ሙሉ ያላወቅሁት ዝምታ።

ባትሪ ይዤ ስወጣ፣ የአንሴልሙ ቦቲ እግሬ ላይ እየሰፋ፣
ከታች ሌላ ባትሪ አየሁ፤ ሲቃረብ፣ ሲጠፋ።
ፊርሚኑ ነው፤ በፒጃማ፣ ካፖርት ደርቦ፣ መጥረቢያ በእጁ፤
«ምነው ዝም አለ?» አለኝ፣ እንደጠፋበት ልጁ።

አገኘነው። ከቋጥኙ ሥር። ጆሮው ተቀዷል፤
ትከሻው ላይ ያለው ነጭ ሁሉ ቀልቷል።
ሴሬጃ ከጀርባው ቆማለች። የተኩላው ፈለግ
ጭቃው ላይ ዞሮ ዞሮ ተመልሷል።
እሱ የተወለደውን ግልገል ይልሳል፣
ሌላ ሥራ እንደሌለው።

ደመ ከልብ ይባላል፣ ጠያቂ የሌለው ደም ሲፈስ፤
ፊርሚኑ ግን ተንበርክኮ፣ በካፖርቱ እጅጌ ሲያብስ፣ ሲያለቅስ…
እኔም እጄን ዘረጋሁ። ግንባሩን ነካሁት።
አልራቀም። አልተጠጋም። አሸተተኝና
ከሴሬጃ ጋር፣ ከግልገሉ ጋር ቆጠረኝ፤
በሦስት እግሩ፣ ከኋላ ሆኖ፣ እስከ ደጄ አደረሰኝ።

ብራጋንሳ፣ ሐኪም ቤት፣ ዘጠኝ ሌሊት አደረ።
ስልክ የማይወደው ፊርሚኑ በሁለተኛው ቀን ደወለ፦
«ዙልሚራ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»
«ራዲዮ ክፈት» አልኩት።
«ከፈትኩ። አይጮህም» አለኝ።

አሁን ተመልሷል። ያነክሳል። ወረቀቱም መሳቢያ ውስጥ አለ፤
ቃሌን አላፈረስኩም፤ ቤት አልገባ፣ አልጋዬ ሥር አልዋለ።
ግን ማታ፣ አልቤ ስጨርስ፣ ከበርጩማዬ ሳልነሣ፣
ይመጣና አጠገቤ ይቀመጣል፤
ጀርባውን ለእኔ፣ ፊቱን ለጨለማው።

ትናንት ሌሊት ጮኸ። የፊርሚኑ መስኮት ተከፈተ።
ስድቡን ጠበቅሁ።
መስኮቱ ክፍቱን አደረ።